ከማሳመራችን በፊት እንጻፈው

በወላጆች ቀን ያቀረብነውን የሰሊጥ አጨዳ ዘፈን ታስታውሱ ይሆናል። ያስተማሩን እዚሁ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ናቸው። በወጣትነታቸው በመተማ ተሻግረው ለአጨዳ ሲመጡ ከጓደኞቻቸው ጋር ይዘፍኑት ነበር። እኛም ለመድረክ እንዲመች አሳጠርነው፤ አንዳንዱንም ስንኝ «ለበዓል አይሆንም» ብለን አወጣነው። ዝግጅቱ ሲያልቅ ተጨበጨበልን። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ጎበዞች ናችሁ። ያን ደመወዜን የበላውን ሰውዬ ግን የት ጣላችሁት?» አሉን።

ሳቅን፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። ደብተራችንን ስናገላብጥ የጻፍነው ያሳጠርነውን ብቻ ነው። ሙሉውን ልንቀበላቸው ስንሄድ ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል ተባልን።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አልተጀመረም። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ ሳቢን ቤሪንግ-ጉልድ የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ በደቨንና በኮርንዎል ገጠር ከሽማግሌዎች የሰበሰቧቸውን ዘፈኖች ማሳተም ጀመሩ። ለጨዋ ቤት አይመጥንም ያሉትን ግጥም ለወጡት። ከዘፋኞቹ የሰሙትን ግን በእጅ ጽሑፍ አስቀሩት፤ ስለዚህ ዛሬ ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል። እኛ መለወጡን እንጂ ማስቀረቱን አላወቅንበትም።

ማሳመርን አንቃወምም። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አገናኝቶ የባህል ዜማን በአዲስ መልክ አሰምቷል። ዜማ ሲታደስ ይኖራል። የምንቃወመው የመጀመሪያው ሳይጻፍ መታደሱን ነው። ያወጣነው ስንኝ የአንዲት ሠራተኛ አቤቱታ ነበር፤ ምናልባትም ሌላ ሰሚ አላገኘም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን አንድ መዝገብ እንዲከፍት እንጠይቃለን። ዘፈኑ እንደተዘፈነ ይጻፍ፤ ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደተማረው፣ በምን ሥራ ላይ ይዘፈን እንደነበረ ይመዝገብ። ለመድረክ ያሳመርነው ከጎኑ ይቀመጥ።

እናንተም ዛሬ ማታ እናቶቻችሁን እሹሩሩውን፣ የወፍጮውን እንጉርጉሮ ጠይቁ። ደመወዝ የበላ ሰውዬ ካለበትም አታውጡት።