የጭስ መርዝ ምስክርነት ጊዜ አይሰጥም

በቃጠሎ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ሲገኝ ብዙዎቻችን «እሳት በላው» ብለን እናልፋለን። ብዙዎቹ ግን የሚሞቱት በነበልባሉ ሳይሆን በጭሱ ነው። ስፖንጅ ፍራሽ፣ ሱፍ፣ ናይለንና አንዳንድ ፕላስቲኮች ሲቃጠሉ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር የሳያናይድ ጋዝ ይወጣል። ሳያናይድ የሰውነት ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ፣ ደሙ ኦክስጅን እያለው ሰውየው ይታፈናል።

የፓሪስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት፣ በመኖሪያ ቤት ቃጠሎ የተጎዱ 109 ሰዎችን ደም አደጋው በደረሰበት ቦታ እዚያው ቀድተው መርምረዋል። በሞቱት 43 ሰዎች ደም የተገኘው ሳያናይድ በአማካይ ከተረፉት ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር።

ቁም ነገሩ «እዚያው» መቀዳቱ ነው። በሕይወት ባለ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሳያናይድ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል። ከሞት በኋላም ሊቀንስ ይችላል፤ አስከሬን ሲበሰብስ ደግሞ ባክቴሪያዎች አዲስ ሊፈጥሩ ይችላሉ። በመሆኑም ዘግይቶ የተወሰደ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ ናሙና የቱንም ያህል ዘመናዊ መሣሪያ ቢገባ ፍርድ ቤትን ሊያሳስት ይችላል።

ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። መርዙ በብዛት የሚገኘው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ የሚመረመረው ሙሉ ደም ነው። ናሙናው ሶዲየም ፍሎራይድ ባለበት ብልቃጥ ተሞልቶ፣ በጥብቅ ተከድኖና በቅዝቃዜ ተይዞ ሳይውል ሳያድር ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ለታካሚ ሃይድሮክሶኮባላሚን የተባለው ማርከሻ ከመሰጠቱ በፊት ደም ቢቀዳ ይመረጣል፤ መድኃኒቱ አንዳንድ ምርመራዎችን ያዛባልና። ሕክምናው ግን የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

ቁጥር ብቻውን ዳኛ አይሆንም። በአንድ ሊትር ደም ከ3 ሚሊግራም በላይ ሳያናይድ በአብዛኛው ገዳይ ነው ቢባልም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲታከልበት ከዚያ ያነሰውም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይለኩ።

ሟች ከቃጠሎው በፊት ሞቶ ነበር ወይስ ጭሱን ተንፍሷል? ለቤተሰብም ለፍትሕም መልሱ ያለው በዚያች ብልቃጥ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሎችና ፖሊስ ናሙናውን ማን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያሽግና ማን እንደሚያደርስ አደጋ ሳይደርስ ሊስማሙ ይገባል።

አንባቢም ይህን ያስታውስ፦ ጭስ በሞላበት ቤት ዝቅ ብለው ቶሎ ይውጡ፤ ለንብረት ብለው አይመለሱ። ከወጡ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ግራ መጋባት ከተሰማዎት፣ ቆዳዎ ባይቃጠልም በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።