መደነቃቀፍም ከሕመሙ ነው

ፋይብሮማያልጂያ የሚባለው መላ ሰውነትን የሚያም ሥር የሰደደ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቁርጥማቱ ነው። "ወገብሽን ተሻለሽ? ብርድ እንዳይመታሽ" ይሉኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። መደነቃቀፌን ግን ማንም ከሕመሙ አይቆጥረውም። ትከሻዬ ከበሩ መቃን ጋር ይጋጫል፤ የመጨረሻው ደረጃ ይስተኛል፤ ብርጭቆ ከእጄ ያመልጣል። ይህን ያየ ሰው "ቀልብሽ የት ነው?" ይለኛል እንጂ "አሞሻል እንዴ?" አይለኝም።

ሰው ቆሞ የሚሄደው ሦስት ነገሮች ተባብረው ሲይዙት ነው፦ ዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮው ያለው የሚዛን አካል፣ እንዲሁም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት። በጨለማ ኩባያውን አፋችን ላይ የምናደርሰው በዚህ በሦስተኛው ነው። በፋይብሮማያልጂያ የነርቭ ሥርዓቱ ሕመምን አጉልቶ ይሰማል፤ ጡንቻ ይዝላል፤ የተኙት እንቅልፍ አያሳርፍም። ለእርምጃ የሚያስፈልገውንም ትኩረት ሕመሙ ይሻማዋል። እያወራሁ ስሄድ ወይም ዕቃ ይዤ ስታጠፍ የምንገዳገደው ለዚህ ነው። ለሕመሙ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አሚትሪፕቲሊንና ፕሪጋባሊን ደግሞ ራሳቸው ማዞርና ድብታ ሊያመጡ ይችላሉ።

መደነቃቀፉ ከሕመሙ መሆኑን የሕክምናው ዓለምም የተቀበለው ዘግይቶ ነው። ሕመሙ በሰው ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው መጠይቅ ስለ ሚዛን የሚያነሳው አልነበረም። በ2009 ሲሻሻል ግን የሚዛን ችግር ከማስታወስ ችግር ጋር ተጨመረበት፤ ታማሚውም ከ0 እስከ 10 ደረጃ ይሰጠዋል። የፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎች ከጤነኛ እኩዮቻቸው ይልቅ ደጋግመው እንደሚወድቁ ጥናቶች አሳይተዋል። ታዲያ በየምርመራ ክፍላችን "የት የት ያምሻል?" ከሚለው ቀጥሎ "ወድቀሽ ታውቂያለሽ?" የሚል ጥያቄ ቢኖር ምን ያህል በተረዳን ነበር!

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የቤት ውስጡ ፍርድ ነው። በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ ሙያ የሚታየው በእጇ ነው፤ ረከቦቱን እንዴት እንዳነሳች፣ ከጀበናው ሳታንጠባጥብ እንዴት እንደቀዳች፣ እንግዳውን እንዴት እንዳስታጠበች። ጣቶቿ የዛሉባት ሴት ሲኒ በሰበረች ቁጥር የምትጠራው በሙያ ቢስነት ነው። እሷም ቀስ በቀስ ቡና ማፍላቱን ትተዋለች፤ ቀጥሎ ለቅሶ መድረሱን፣ ማኅበር መሄዱን ትተዋለች። በውጭም እንደዚያው ነው። የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሯል፤ የቱቦው ክዳን የለም፤ ወያላው "ቶሎ በሉ!" ይላል። በወጣትነቷ ምርኩዝ የያዘችዋን "በዚህ ዕድሜሽ?" የሚላት አይጠፋም፤ ሳትይዝ ከተንገዳገደች ደግሞ ጠጥታለች ትባላለች።

መውደቅን ፈርቶ መቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው። የተቀመጠ እግር ይደክማል፤ የደከመ እግር ቶሎ ይወድቃል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለፋይብሮማያልጂያ ከቀረቡት ሕክምናዎች ሁሉ ጠንካራ ድጋፍ የሰጠው ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር እርምጃ፣ ወንበር ይዞ መነሳትና መቀመጥ፣ ከተገኘም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር ያስፈልጋል። ማታ ስንነሳ መብራት ማብራት፣ መብራት ከጠፋም ስልካችንን ማብራት ዋጋው ትልቅ ነው፤ ጡንቻና መገጣጠሚያ የጎደላቸውን ዓይን ይሞላላቸዋልና።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ሰው ሌላም በሽታ ሊይዘው ይችላል። የስኳር በሽታ ነርቭን ይጎዳል፤ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የምናገኘው ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስም ሚዛን ይስታል፤ የጆሮ ሕመምና የደም ግፊት መድኃኒትም ያዞራሉ። በድንገት በአንድ ወገን የመጣ ድካም፣ የአፍ መጣመም ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

እንደኔ የምትደነቃቀፉ ሁሉ፣ አትደብቁት። የት እንደወደቃችሁ፣ በምን ሰዓት፣ የትኛውን መድኃኒት ወስዳችሁ እንደነበር ጽፋችሁ ያዙና ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ቤተሰብም ከተግሣጹ በፊት "ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?" ብሎ ይጠይቅ። እኔ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ቀደም ብሎ ባገኝ ኖሮ ሕክምናዬም ቀደም ብሎ በተስተካከለ፣ ከሰው ቤትም ባልራቅሁ ነበር።