ከሚያስጨንቅ ስሜት መሸሽ ጭንቀቱን እንደሚያሳድገው

ልጅ ውሻ ፈርቶ ሲያለቅስ ያየች ሞግዚት ቶሎ ብላ ታዝለዋለች፤ ውሻውም ወደ ጓሮ ተወስዶ ይታሰራል፤ ልጁም ዝም ይላል። ይህን አይቶ ሞግዚቲቱን የማያመሰግን የቤት ሰው የለም። ነገር ግን በማግሥቱ ልጁ ውሻው የታሰረበትን ጓሮ ይፈራል፤ በሳምንቱ የውሻውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ይጮኻል፤ ወሩም ሳያልቅ ከደጅ አልወጣም ይላል። እናቱም «ይህ ልጅ ምን ነካው?» እያለች ታዝናለች። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመረምረው የወደድነው ነገር ይህ ነው፤ ሞግዚቲቱ ልጁን ዝም ባሰኘችው ጊዜ ፍርሃቱን አጠፋችለትን ወይስ ቀለብ ሰፈረችለት?

ለዚህ ጥያቄ በሥራ ፈትነው መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዲቱ ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ናቸው። እኒህ ወይዘሮ በ1924 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ከተማ ፒተር ብለው ስለ ጠሩት ሕፃን ጻፉ። ሕፃኑ ሥራው ሲጀመር ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ጥንቸል ይፈራል፤ ነጭ አይጥ ይፈራል፤ ከዚያም አልፎ የጠጕር ካፖርት፥ ላባና ጥጥ እንኳ ሲያይ ያለቅሳል። ወይዘሮዪቱም ጥንቸሉን ከቤት አላስወጡለትም፤ በግድም በእቅፉ አላኖሩበትም። ጥንቸል ከማይፈሩ ሦስት ልጆች ጋራ በየቀኑ እንዲጫወት አደረጉና ጥንቸሉን በሽቦ ሣጥን አድርገው ከሩቅ አሳዩት። በመጀመሪያ ጥንቸሉ በክፍሉ ውስጥ በየትም ቢሆን ማየት ያስጨንቀው ነበር። ኋላ 4 ሜትር ያህል ርቆ ቢቀመጥ ቻለ፤ ቀጥሎ በ1 ሜትር ያህል፤ ቀጥሎ ከአጠገቡ፤ ቀጥሎም ከሣጥኑ ተፈቶ በክፍሉ ሲዘዋወር ቻለ። ወይዘሮዪቱ የልጁን መሻሻል የመዘገቡበት ደረጃ በጠቅላላው 17 ነው፤ የመጨረሻውም ጥንቸሉ የልጁን ጣት በአፉ ሲነካካ ልጁ ዝም ብሎ መፍቀዱ ነው።

በመካከሉ ግን አንድ መሰናክል መጣ። ፒተር ታመመና ሁለት ወር ያህል ከሆስፒታል ተኛ፤ በወጣበትም ቀን ከአስታማሚዪቱ ጋራ ወደ መኪና ሊገባ ሲል ትልቅ ውሻ ዘለለባቸው፤ አስታማሚዪቱም አብራ ደነገጠች። የተገኘው መሻሻል በአንድ ጊዜ ጠፍቶ የልጁ ፍርሃት እንደ ቀድሞው ሆነ። ሊቂቱ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ በሌላ መንገድ ጀመሩ፤ ልጁን ከወንበሩ አስቀምጠው የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን ከሩቅ ያመጡና መብሉን እስከማያስተወው ድረስ ብቻ ያቀርቡታል። እንዲህ እያደረጉ ልጁ ጥንቸሉን እስከ መውደድ ደረሰ፤ ማንም ሳያስተምረውም የጥጡንና የካፖርቱን ፍርሃት አብሮ ተወው።

በዚያው ዓመት ወይዘሮዪቱ በልጆች ላይ የማይሠራውን ዘዴ ደግሞ ጽፈዋል፤ ለቤተ ሰብ ግን ይህኛው ይልቅ የሚጠቅም ይመስለናል። የሚፈራውን ነገር ከልጁ አርቆ ጊዜ እስኪያስረሳው መጠበቅ አልሠራም። ማባበልና መስበክም እንዲሁ፤ አንዲት ሕፃን ስለ ጥንቸል መልካም መልካሙን ወሬ እየሰማች በወሬው ደስ ይላት ነበር፤ እውነተኛው ጥንቸል በመጣ ጊዜ ግን ፍርሃቷ እንደ ነበረ ነው። ባልንጀሮቹ ቢሥቁበት ይተዋል ማለትም ከንቱ ሆኖ ተገኘ። በየቤታችን «አንተ ወንድ አይደለህምን?» እያልን ፈሪውን ልጅ በእንግዳ ፊት የምናሳፍር ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ምክንያቱንስ ቢጠይቁ፥ ሞረር የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ ሊቅ በ1947 ዓመት እንዲህ ብለው ገለጡት። ሰው ከሚፈራው ነገር በሸሸ ጊዜ ልቡ ያርፋል፤ ያችም ዕረፍት ደመወዝ ትሆንለታለች። ደመወዝ ያገኘ ሥራ ደግሞ ይደጋገማል፤ ስለዚህ መሸሽ ልማድ ይሆናል። የሸሸ ሰው ነገሩ እንዳሰበው የማይጐዳ መሆኑን የሚያይበት ጊዜ ስለማያገኝ ፍርሃቱ ሳይመረመር እንደ ታሸገ ዕቃ ዘመን ይቈጥራል።

ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ይህን ጥበብ በገዛ ራሱ ላይ ያደረገ ሰው ነበረ። ጎተ የተባለው የጀርመን ባለቅኔ ከ1770 እስከ 1771 ዓመት በስትራስቡርግ ከተማ ሕግ ሲማር ከፍታ ያዞረው ነበርና፥ 142 ሜትር ቁመት ካለው ከካቴድራሉ ግንብ ጫፍ ድረስ ብቻውን ይወጣ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ከተጠለለበት ተቀምጦ ልቡን ካዘጋጀ በኋላ መደገፊያ ወደሌለው ጠባብ ቦታ ይወጣና ቍልቍል ይመለከታል፤ ጭንቀቱም ለእርሱ እንደ ምንም እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ እንዲህ እንዳደረገ ራሱ በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ ይናገራል። እኛ ግን አንባቢዎቻችን ያለ አጥር ከግንብ ጫፍ እንዲቆሙ አንመክርም።

ለሹማምንትና ለመኳንንት አንባቢዎቻችን ነገሩ የልጆች ነገር መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ሰው ካደገ በኋላ ውሻ አያሳስርም፤ ነገር ግን የሚያስጨንቀውን ደብዳቤ ሳይከፍት በመሳቢያ ያኖራል፤ ከተቀያየመው ወንድሙ እንዳይገናኝ ከሠርግ ይቀራል፤ ኀዘን ሲመጣበት ቀን ሥራ፥ ማታ ደግሞ ጠጅ ያበዛል። የፈራው አውሬ በውጭ ሳይሆን በገዛ ልቡ ውስጥ ነውና የሚሸሽበት አገር የለውም።

ስሜትን ከልብ ማስወጣት እንዴት ያለ ድካም እንደ ሆነ ዳንኤል ዌግነር የተባሉ ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በ1987 ዓመት አሳይተዋል። ተማሪዎችን ሰብስበው ለ5 ደቂቃ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፥ ያሰቡ እንደ ሆነ ግን ደወል እንዲደውሉ አዘዙአቸው። ተማሪዎቹ በየደቂቃው ከአንድ ጊዜ በላይ ድቡን አነሡ። ኋላም «አሁን እንደ ልባችሁ አስቡ» በተባሉ ጊዜ፥ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ ስለ ድቡ አብዝተው አሰቡ። ነጭ ድብ በአገራችን የሌለ አውሬ ነው፤ አንባቢው ግን ይህን መስመር ካነበበ በኋላ ከአሳቡ ሊያወጣው ይሞክርና ይየው። አንድ አውሬ እንዲህ ካስቸገረ የሞተ ልጅማ እንዴት ይሆን?

አንድ አባት ልጁ ሞተበት እንበል። የአገራችን የለቅሶ ሥርዓት ኀዘንተኛውን ከኀዘኑ ጋራ ፊት ለፊት የሚያገናኝ ነው፤ አልቃሽ የሟቹን ስምና ሙያ እያነሣች ታስለቅሳለች፤ ዘመድ ወዳጅ ከድንኳኑ ይሰበሰባል፤ ኋላም በ40ና በ80 ቀን መታሰቢያው ይደረጋል። ይህ አባት ግን ሹም ነውና በሰው ፊት እንባው እንዳይታይ ብሎ በለቅሶው ጊዜ ሁሉ እንግዳ ሲያስተናግድ ሰነበተ፤ ድንኳኑም ሲነሣ የልጁን ክፍል ቈልፎ ቍልፉን በኪሱ አደረገ። ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወረደ፤ ስሙም በማዕድ ላይ እንዳይነሣ ሆነ። እናቲቱ ከማድቤት ገብታ በጪስ እያመካኘች ታለቅሳለች። የቀሩት ልጆች ስለ ወንድማቸው መናገር ነውር እንደ ሆነ ያለ ቃል ተማሩ። ሦስት ዓመትም ካለፈ በኋላ አባትየው በልጁ ትምህርት ቤት በኩል እንዳያልፍ መንገዱን አዙሮ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ ሰዎችም «ምንኛ ጽኑ ሰው ነው!» ይላሉ።

እንዲህ ላለው፥ ዘመኑ አልፎ ለማይበርድ ኀዘን ካትሪን ሺር የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ያዘጋጁት ሕክምና አለ፤ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ የፈተኑትም በ2005 ዓመት ታትሞ ወጥቷል። ሕክምናው በ16 ቀጠሮ የሚፈጸም ነው። ኀዘንተኛው ዐይኑን ጨፍኖ የሞቱን ወሬ የሰማባትን ሰዓት ለሐኪሙ ይተርካል፤ ድምፁም ተቀርጾ ይሰጠውና በቤቱ ያደምጠዋል። ቀጥሎ የሚሸሻቸውን ቦታዎችና ዕቃዎች ቈጥሮ ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ይቀርባቸዋል። ከሟቹ ጋራም በአሳቡ ይነጋገራል፤ የጠየቀውንም ራሱ በሟቹ ቃል ይመልሳል። ነገር ግን ሥራው ልቅሶ ብቻ አይደለም፤ ወደ ፊት ደስ ሊያሰኘው የሚችለውን ነገርም ከሐኪሙ ጋራ ያስባል። በዚህ ሕክምና ከ100 ሰው 51 ተሻላቸው፤ በሌላ ዐይነት የምክር ሕክምና ግን ከ100 የተሻላቸው 28 ነበሩ። ግማሽ የሚያህሉት አልተሻላቸውምና ነገሩን እንደ ተኣምር አድርገን ልናወራው አይገባንም፤ ነገር ግን ከቍልፍ ይሻላል።

ነገር ሳናበዛ ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የሚናከስ ውሻን መሸሽ ማስተዋል ነው፤ እኛ የምንናገረው አደጋው አልፎ ወይም ከቶ ሳይኖር ስለ ቀረው ፍርሃት ነው። ደግሞም ልጅን በውሃ ወርውሮ ዋና ማስተማርና ይህ ሕክምና አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ፒተር ግን ጥንቸሉ ወደ እርሱ የቀረበው በአቅሙ ልክ ነው፤ ኀዘንተኛውም በየደረጃው ፈቃዱ ይጠየቃል። በመጀመሪያው ጊዜ ጭንቀቱ ከፍ ይላልና ሥራው የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጋል፤ ሞትን እስከ መመኘት የደረሰ ሰው ግን ቀን ሳይቈጥር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ኀዘኑ ገና ትኵስ የሆነውን ሰው በችኰላ «ተናገር፥ አልቅስ» ብሎ ማስጨነቅም አይገባም።

ወደዚያ አባት እንመለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉን ክፈት አይባልም፤ ይህ ከደረጃው ሁሉ የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና። ምናልባት የሚታዘዘው ማታ ከማዕድ ሲቀርቡ ቍልፉን ከኪሱ አውጥቶ በገበታው አጠገብ እንዲያኖርና፥ ሚስቱ የልጃቸውን ስም ብትጠራ ተነሥቶ ሳይሄድ እንዲቀመጥ ብቻ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ልጆቹም እንባውን ያዩ ይሆናል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ግን እናቲቱ ለማልቀስ ማድቤት መግባት አያስፈልጋትም።