እንግዳ ለምን ይመለሳል?

መገናኛ የምትሠሩ ወይም እዚያ ታክሲ የምትቀይሩ ከሆነ የጀበና ቡና እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ። ከቢሮዬ አጠገብ ብቻ አራት ቦታ አለ። እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ የምጠጣው ከአንዷ ዘንድ ነው። ቡናዋ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይደለም። ስኳር እንደማልወድ ታውቃለች፤ ሁለት ቀን ከጠፋሁ ደግሞ «ምነው በደህና?» ትለኛለች።

ማርኬቲንግ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህንን የደንበኛ ታማኝነት እንለዋለን። ለሳሙና ሻጭ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሳሙና ያልቃል፣ ደንበኛውም ተመልሶ ይገዛል። ቅርስ ግን አያልቅም። ጎብኚው «አንዴ አይቼዋለሁ» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ታዲያ ሰውን ወደ አንድ ታሪካዊ ቦታ ደጋግሞ የሚመልሰው ምንድን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከእናቴ ነው። እናቴ ለገና ላሊበላ መሄድ የጀመረችው እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው። እነዚያን ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከማየት አልፋ ታውቃቸዋለች። የገና ዕለት በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ቆማ ታነጋለች። ከጉዞ ስትመለስ ግን መጀመሪያ የምታወራው ስለ ሕንጻው አይደለም፤ እግሯን ስላጠቡላት ሰዎች ነው። በላሊበላ ለገና የመጣውን እንግዳ እግር አጥቦ መቀበል የቆየ ልማድ ነው። እናቴ በመጀመሪያው ዓመት እግሯን ያጠቡላት እናት ዛሬ እህቷ ሆነዋል።

በጦርነቱ ጊዜ የላሊበላ ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት እናቴ ያንኑ ቁጥር በየቀኑ ትሞክር ነበር። መስመሩ ሲከፈት የጠየቀችው «ልጆቹ አሉ?» ብላ ነው። መንገዱ ሲከፈትም ለመሄድ ማስታወቂያ አልጠበቀችም። ኮቪድና ጦርነት ተከታትለው ጎብኚ በጠፋበት ከተማ፣ አስጎብኚውም ሆነ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ ጠባቂው ገቢ ባጡበት ጊዜ፣ እንደ እናቴ ያለ እንግዳ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡት።

እኔስ? እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንዴ ሄጃለሁ። ቅርሱ ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው። ነገር ግን የተከራየነው መኪና መንገድ ላይ ያልተስማማንበት ዋጋ ተጨመረበት። አስጎብኚያችንም ቀጣዩን ቡድን ለመያዝ ሲጣደፍ ጥያቄያችንን እንኳ አልጨረስንም። አዲስ አበባ ስመለስ ለስንት ሰው እንዳማረርኩ አልቆጠርኩትም። ቤተ ጊዮርጊስን ያህል ድንቅ ነገር አይቼ የተረፈኝ ወሬ የመኪናው ሒሳብ ሆነ። ያሳዝናል፤ ግን እውነት ነው።

አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መሪ ቃል አገራችንን ለዓለም አስተዋውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ «ምድረ ቀደምት» ተተካ። መሪ ቃል ሥራዬ ስለሆነ አልንቀውም። ግን መሪ ቃል እንግዳን አንዴ ነው የሚያመጣው። የሚመልሰው ሌላ ነው፤ የተነገረው ዋጋ ዋጋ ሆኖ መገኘቱ፣ ጥያቄው ተሰምቶ መመለሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስሙ የሚያውቀው ሰው እዚያ መኖሩ።

ታማኝነት ሁለት መልክ እንዳለውም አንርሳ። ከሩቅ አገር ብዙ ከፍሎ የመጣ የውጭ ጎብኚ ሁለተኛ ጊዜ ላይመለስ ይችላል። የእሱ ታማኝነት በአፉ ነው፤ አገሩ ገብቶ «ሂዱና እዩ» ሲል ሌሎችን ይልክልናል። የእኛ የአገሬው ሰዎችና የዳያስፖራው ታማኝነት ግን በእግራችን ነው። በየዓመቱ መመለስ፣ ልጆችን ይዞ መሄድ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም አለመቅረት። ላሊበላን፣ ጎንደርን ወይም ሐረርን ከአንድ የፈረንጆች ወቅት እስከ ሌላው የሚያቆማቸው ይህ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የሚቀጥለውን የቤተሰብ ጉዞ ስታቅዱ «የት አልሄድንም?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ዘንድ እንመለስ?» በሉ። ደህና አድርጎ ያስጎበኛችሁን ልጅ ስልክ አትሰርዙ፤ ለበዓል ደውሉለት፤ ለጓደኞቻችሁም ስጡ። ልጆቻችሁ ከሐውልትና ከግንብ በተጨማሪ እዚያ አንድ ሰው በስም ይወቁ። እንግዳ ተቀባይ የሆናችሁም ብትሆኑ፣ ዛሬ አላግባብ የጨመራችሁት ጥቂት መቶ ብር የነገውን እንግዳ እንደሚያስቀር አስቡ።

እኔም ዘንድሮ ለገና ከእናቴ ጋር ልሄድ ወስኛለሁ። ስነግራት ደስ አላት፤ ወዲያው ስልኳን አንስታ ደወለች። ስለ ትኬት አልጠየቀችም። «እትዬ፣ ዘንድሮ ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው» አለች። ከወዲያ የመጣው እልልታ እኔ ድረስ ተሰማ። ገና ሳልሄድ የሚጠብቀኝ ሰው አገኘሁ።