መጀመሪያ ጋቢውን አንሱለት!

የሰሊጥ አጨዳ ደርሷልና ከእንፍራንዝ ወደ መተማ ለምትወርዱ፣ በተለይ ለቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ልበል።

እኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ሲወድቅ «ምች ነው» ይባላል፤ ቆላ ላይ ደግሞ «ወባ ነው»። ወዲያው ጋቢ ይደረብበታል፣ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ሙቀት የመታውን ሰው መሸፈን ሊገድለው ይችላል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረው ሥራውን ያቁም፤ ጥላ ሥር አሳርፉት፣ ውኃና ኦ.አር.ኤስ ይጠጣ። መቀባዠር፣ መንገዳገድ ወይ ራስን መሳት ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ይሆናል። እያላበው ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ልብሱን አውልቁ፣ መላ ሰውነቱ ላይ ውኃ አፍስሱ፣ አራግቡለት፤ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ዳማከሴም ቢሆን። የወባው ምርመራ እዚያ ይደርሳል።

ለእርሻ ባለቤቶችም የምለው አለኝ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ መተማ ዮሐንስ 700 ገደማ። የደጋ ልጅ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። በደረሰ ማግሥት ከጧት እስከ ማታ ማሠራት ነውር ነው። ለገንዘብ የወረደ ልጅ «ደከመኝ» አይልም፤ ስለዚህ «አረፍ በሉ» ማለት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ልጆቼ፣ ስልክ ለሌላቸው ጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው። በሰላም ውረዱ፣ በሰላም ተመለሱ።