ሰላ ድንጋይን ማን መዘገባት?

ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን ለስብሰባ አውሮፓ ሲሄድ ነፃ የሆነች አንድ ከሰዓት አታጣውም። በዚያች ከሰዓት የሚሄደው ወደ አሮጌው ሰፈር ነው። ፕራግ ከሆነ ድልድዩን ይሻገራል፤ ዋርሶ ከሆነ አደባባዩ ላይ ቡና ይጠጣል። የጠበበው ቅያስ፣ የተንጋደደው ደረጃ፣ የጎበጠው ጣሪያ ሁሉ ያስደንቀዋል። ፎቶ ይለጥፍና ከሥሩ ታሪኩን ስለሚያከብር ሕዝብ ሁለት መስመር ይጽፋል። አገሩ ሲመለስ ያው የጠበበ ቅያስ ጉስቁልና ይሆናል፤ ያው የጎበጠ ጣሪያ የከተማ ገጽታ ማበላሻ ይባላል።

ግብዝነቱ ይቅር። የከፋው የጎበኘው ነገር ምን እንደሆነ አለመጠየቁ ነው።

ዋርሶ ላይ ቆሞ ፎቶ የተነሣበት ግድግዳ ምናልባት ከአባቱ ዕድሜ ብዙ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1944 የከተማዋ ሕዝብ በጀርመን ወራሪ ላይ ተነሣ፤ አመፁ ከከሸፈ በኋላ ጀርመኖች ከተማዋን እየዞሩ በእሳትና በፈንጂ አወደሟት። ከአሮጌው ሰፈር ከ85 በመቶ በላዩ ፍርስራሽ ሆነ። ፖላንዶች ከጦርነቱ በኋላ ፎቅና መስተዋት መደርደር ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ሰፈሩን እንደነበረ መልሰው ሠሩት። እንዴት ቻሉ? ወረቀት ነበራቸው። ከጦርነቱ በፊት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለክተው የነደፉት ሰነድ ነበር፤ በወረራው ዘመን ከጀርመን ዓይን ተደብቆ ተረፈ። ቤርናርዶ ቤሎቶ የተባለ ሠዓሊ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሳላቸው የከተማዋ ሥዕሎችም ነበሩ። ድንጋዩ ወደመ፣ መዝገቡ ቀረ፤ በመዝገቡ ድንጋዩ ተመለሰ። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ሰፈሩ እንደ አዲስ የተሠራ መሆኑን እያወቀ ነው።

ፓሪስም ሌላ ታሪክ የላትም። ዛሬ ጎብኚ የሚጋፋበት የማሬ ሰፈር እስከ ሃምሳዎቹና ስልሳዎቹ ድረስ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ጭስ ያጠቆረው፣ ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ የተደራረበበት የድሃ ሰፈር ነበር። ይፍረስ ያለ ሹም እዚያም አልጠፋም። በ1962 በባህል ሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ፤ አንድን ቤት ለብቻው ሳይሆን ሙሉ ሰፈርን መጠበቅ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። (በኋላ ኪራዩ ሰማይ ነክቶ ድሃውን ገፍቶ አስወጣው፤ ከፓሪስ የሚቀዳው ሁሉ መልካም አይደለም።)

አሁን ወደ ፒያሳ። ስሙን ከጣሊያን የወሰደው የአራዳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም ሲፈርስ የአዲስ አበባ ሰው በሳምንታት ውስጥ ዶሮ ማነቂያን አጣ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባለእጆች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈርም ተነካ። ነዋሪው ገላን ጉራና ሌላም ዳር ዳር ተወሰደ። በቅርስነት የተመዘገቡ አንዳንድ ቤቶች ግን ዙሪያቸው ተጠርጎ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከቆሙት ብዙዎቹን ያቆማቸው ውበታቸው አይደለም፣ ቁጥር የተጻፈባቸው መሆኑ ነው። ቁጥር የሌለው ጎረቤታቸው በዕድሜ ቢበልጣቸውም ሄደ።

«ቤቱ ቆሻሻ ነበር፣ ሽንት ቤት የለውም፣ ዝናብ ያስገባል» የሚለው መልስ ውሸት አይደለም። ግን ማን አበላሸው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ተከራዩ ለቤቱ የሚከፍለው ኪራይ ከዓመት ዓመት ያው ሆነ፤ ቀበሌው በዚያች ኪራይ ቆርቆሮ መቀየር አልቻለም፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ምስማር ለመምታት ፈቃድ ይለምናል። ቤቱ እንዲህ እየሆነ ሃምሳ ዓመት ገደማ አለፈ። ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ያላደሰው ባለቤት መጥቶ «አርጅቷል» ብሎ አፈረሰ። አከራይ ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ ፍርድ ቤት ይቆም ነበር።

ይህ ሁሉ ለሰላ ድንጋይ ምኗ ነው?

ከደብረ ብርሃን አልፎ፣ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ የሚታጠፈውን መንገድ የሚይዝ መንገደኛ ሰላ ድንጋይን ያገኛታል። ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚጓዘው ምእመን አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ በመስኮት ያያታል፤ ዳቦና ውኃ ይገዛል፤ ያልፋል። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበወርቅ መቀመጫዋን እዚህ አድርጋ እንደነበር የሚነግረው የለም። ንግሥቲቱ የንጉሥ እናት ተብላ ጥግ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም፤ የራሷ ግዛት፣ የራሷ አደባባይ ነበራት። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ እዚህ ደርሶ በፊቷ ቀርቧል፤ ጉዞውንም ጽፎታል። እንግዲህ ሰላ ድንጋይ ለንደን በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አለች። በአገሯስ በየትኛው መዝገብ ላይ ናት? የትኛው ካብ የማን ግቢ ነበር? የትኛው መንገድ ወደ አደባባዩ ያወጣ ነበር? ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ደግሞ አይጠብቅም።

አንኮበር ለሰላ ድንጋይ በቂ ማስጠንቀቂያ ናት። የሸዋ ነገሥታት ከተማ ነበረች። ዛሬ ኮረብታው ላይ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው፤ እንግዳ የሚያድረው በድሮው አምሳል በተሠራ ሎጅ ነው። ሎጁን የሠራ ሰው ይመስገን። ነገር ግን አምሳል የሚያስፈልገው ዋናው ሲጠፋ ነው።

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ የክልል ከተሞችን ይዟል፤ የገጠር ኮሪደርም መጥቷል። ሜትር የያዘ ሰው ሰላ ድንጋይ የሚደርስበት ቀን ሩቅ አይመስልም። መንገዱ ይሰፋ፣ መብራት ይግባ፣ ሕዝቡ ሽንት ቤትና ውኃ ያግኝ፤ ይህን የሚቃወም ጤነኛ ሰው የለም። ጥያቄው ሰውየው ሜትሩን ሲዘረጋ ፊቱ የሚያስቀምጡለት ዝርዝር ይኖራል ወይ የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። የሕጉ ጉልበት ያለው «የተመዘገበ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ያልተመዘገበው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ለመንገድ መሙያ ይፈለጋል።

«ሰው እየሞተ ስለ ድንጋይ?» የሚል ይኖራል። ሰሜን ሸዋ ካለፉት ዓመታት ጦርነት ያላገገመ አገር ነው፤ ጥያቄው ይገባል። መልሱ ዋርሶ ነው። እነዚያ ሰነዶች የተደበቁት ሰው በየመንገዱ በሚረሸንበት ዘመን ነበር። ቤት መለካት በጀት አይጠይቅም፤ ገመድ፣ ደብተርና ስልክ ይበቃዋል። ጦርነት ባለበት አገር ደግሞ ይበልጥ ይቸኩላል፤ የሚቃጠለው ምን እንደነበር ከመቃጠሉ በፊት መታወቅ አለበት።

የመንዝ ሰው ጥበቃ ከአውሮፓ መማር አያስፈልገውም። የጓሳን ሣር በራሱ ሕግ ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆ ኖሯል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ በጊዜው ይከፈታል፣ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። የቤቱ ክዳን ያ ሣር ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ በኋላ በማኅበር ተደራጅቶ መልሶ አቆመው። ክዳኑን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ ግድግዳውን መጠበቅ አያቅተውም።

የሚያስፈልገው ዝርዝር ረጅም አይደለም። የቤቱ ወይም የካቡ ቦታ፣ ባለቤቱ ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሚኖርበት፣ በምን እንደተሠራ፣ ስፋትና ቁመቱ፣ ሦስት ፎቶ፣ የሁለት ሽማግሌ ቃል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ተማሪዎቹ በአንድ ክረምት ከተማዋን ለክተው ይጨርሷታል። የነዋሪው ስም ቤቱ ላይ አብሮ ይጻፍ፤ እንደ ማሬ ቤቱ ተርፎ ሰውየው እንዳይባረር። ወረዳው እንዲህ ያለ ዝርዝር ካለው በር ላይ ይለጥፈውና ሕዝቡ ያንብበው፣ የጎደለውን ይሙላ። ከሌለው ደብተሩ ከመጪው መስከረም በፊት ይከፈት፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዘነበወርቅ ግቢ የት እንደነበረ ይጻፍ።