ሁለቱም ካሳ ነበሩ

ወገኔ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። ከዚያ መሳደብ ካማረህ ኮሜንቱ ክፍት ነው።

ሰሞኑን ሰበታ፣ ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብለን ነበር። የቴዎድሮስ ቲሸርት የለበሰ የኛው ልጅ አጠገቡ ያለውን «የዮሐንስ ዘር፣ ባንዳ!» አለው። ያኛውም አልማረውም፤ «የሽፍታ አምላኪ!» ብሎ መለሰለት። በስኒ ሊፈነካከቱ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ሁለቱም ዲግሪ አላቸው፤ ሁለቱም እንደኔው ሥራ የላቸውም። ታሪኩንም ሁለቱም የሰሙት ከቲክቶክ ነው።

እስቲ ቲሸርቱን ለጊዜው አውልቀን እንነጋገር።

አንዱ የቋራው ካሳ፣ አባ ታጠቅ። አንዱ የተምቤኑ ካሳ፣ አባ በዝብዝ። ሁለቱም ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተዋል። ሁለቱም የተበታተነች አገር አንድ ላድርግ ብለው ተነሡ። ሁለቱም እንግሊዝን አምነው ጉድ ሆኑ፦ ቴዎድሮስ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፎ መልስ አጣ፤ ዮሐንስ በ1876 አድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተፈራርሞ፣ ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘ። ሁለቱም ባዕድ ጦር ፊት ወደቁ፦ አንዱ መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ አንዱ መተማ መጋቢት 1881። የቴዎድሮስን ፀጉር ቆርጠው እንግሊዝ ወሰዱት፤ የተመለሰው ገና በ2011 ነው። የዮሐንስን ደግሞ ራሱን ቆርጠው ኦምዱርማን ወሰዱት።

«ዮሐንስ እኮ ናፒየርን አሳልፏል» ትለኛለህ። አዎ፣ አሳልፏል። በምላሹ መድፍና ጠመንጃ አግኝቷል፤ በዚያው መሣሪያ ሐምሌ 1863 አድዋ ላይ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፎ ነው የነገሠው። አልክድህም፣ ያሳፍራል። ግን ልጠይቅህ፦ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲከበብ ከላስታ ማን ደረሰለት? ከሸዋስ? ከወሎስ? ማንም! ጀግናህ በ1859 ጎንደርን አቃጥሎ፣ አብያተ ክርስቲያናቷን ዘርፎ ነበራ። ያ ሁሉ ሠራዊት ተበትኖ መጨረሻ ላይ የቀረው ጥቂት ሺህ ሰው ነው።

አንተም የዮሐንስ ደጋፊ፣ ቶሎ አታጨብጭብ። በ1868 ጉንደትና ጉራዕ ላይ ግብፅን የሰበረው ያ ንጉሥ በ1881 ጎጃምን ምን አደረጋት? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር ዶለተብኝ ብሎ አገሩን አስዘረፈ፣ አስቃጠለ። ያ ጎጃም እኮ ዓመት ሳይሞላው ሳር ውኃ ላይ ከደርቡሽ ጋር ተዋግቶ ያለቀ ጎጃም ነው! እና ዮሐንስ መተማ ሲዘምት ምኒልክም ተክለ ሃይማኖትም ከጎኑ አልነበሩም። ምን ይገርማል?

የሁለቱ ካሳዎች ትልቁ መመሳሰል ይሄ ነው። ጀግንነት አላነሳቸውም። አገራቸውን ይወዱ ነበር፤ ግን በተናደዱ ቀን የገዛ ሕዝባቸውን ቤት አቃጠሉ። የባዕድ ጦር ሲመጣ ያ ቤቱ የተቃጠለ ሕዝብ አልተከተላቸውም።

«ያ የድሮ ነው» እንዳትለኝ። ቡራዩ እዚሁ ናት። መስከረም 2011 ሰው በማንነቱ እየተለየ ሲገደል፣ የተረፈው ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲጠለል ሁላችንም አይተናል። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ወጣ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ያን ሣር ረግጦ የሚያልፍ አልተገኘም፤ ወጣቱ ተመለሰ። ሁለቱ ካሳዎች ፊት እንዲህ የሚንበረከክ፣ እነሱም የሚሰሙት ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ ጎንደርም ጎጃምም ባልነደዱ።

ስለዚህ ሰበታም ሁን ቡራዩ፣ ሱሉልታም ሁን፣ ስማኝ። አገር እወዳለሁ የሚል ሰው ጎረቤቱን በሞተ ንጉሥ አይከሰውም። ያ «ባንዳ» ያልከው ልጅ ነገ ችግር ሲመጣ ከጎንህ የሚቆም ወይም ጥሎህ የሚሄድ ሰው ነው። የትኛውን እንደሚሆን ዛሬ የምትወስነው አንተ ነህ።

ቲሸርቱን ልበሰው፣ ያምርብሃል። ቴዎድሮስን ከልብህ ከወደድከው ግን መቅደላ ላይ ብቻውን ያስቀረውን ስህተት አትድገም።

ሼር አድርጉት። በተለይ ለዚያ ለባለ ቲሸርቱ።